ቤት ያጣ ቡድን፦ ዋልያዎቹ በእርግጥ እየተሻሻሉ ነው?

ፎርድስበርግ ከጆሃንስበርግ መሀል ከተማ በስተምዕራብ የምትገኝ አሮጌ የንግድ ሰፈር ናት። በ1922 የማዕድን ሠራተኞች ባመፁ ጊዜ የመንግሥት መድፍ የተተኮሰባት፣ በአፓርታይድ ዘመን ደግሞ ከፔጅቪው የተነቀሉ የህንድ ዝርያ ያላቸው ነጋዴዎች ኦሪየንታል ፕላዛ በተባለው የገበያ ማዕከል እንዲሰፍሩ የተደረገባት ሰፈር ነች። ዛሬ ከጎረቤቷ ከሜይፌር ጋር ከደቡብ እስያና ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ሰዎች ይነግዱባታል፤ ወደ ምሥራቅ ትንሽ ሲኬድ ደግሞ ስሙ ወደ ራሂማ ሙሳ ቢለወጥም ኢትዮጵያውያን አሁንም «ጄፒ» የሚሉት ጎዳና ይገኛል።

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ተከታታይ ይህች ሰፈር በካርታ ላይ ያላት ቦታ ያስገርማል። በስተሰሜን፣ በእግር የሚደረስበት የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ጌታነህ ከበደ በ2013 ለቢድቬስት ዊትስ ፈርሞ የተጫወተበት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በስተደቡብ ምዕራብ በሶዌቶ መንገድ ኤፍኤንቢ ስታዲየም አለ፤ ዋልያዎቹ በኦክቶበር 2021 በደቡብ አፍሪካ 1 ለ 0 የተሸነፉበት። ከእሱ አለፍ ብሎ ኦርላንዶ ስታዲየም ይገኛል፤ በዚያ ሽንፈት ማግስት በሚቆጠር ጊዜ ኢትዮጵያ ጋናን «በሜዳዋ» ያስተናገደችበት። በ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑ የተጫወተባቸው ሩስተንበርግና ኔልስፕሩትም በመኪና የሰዓታት መንገድ ናቸው። ባለፉት አሥራ ጥቂት ዓመታት ብሔራዊ ቡድኑ ከተፈተነባቸው ታላላቅ መድረኮች ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ይልቅ ለጆሃንስበርግ ኢትዮጵያዊ የቀረቡ ነበሩ ማለት ነው።

እነዚህን ጨዋታዎች የተከታተለ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ቡድኑ እየተሻሻለ ነው ወይስ በአንድ ቦታ እየረገጠ? ለጥያቄው ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንዱ ወገን ከትልቅ ድል በኋላ አዲስ ዘመን መጣ ይላል፤ ሌላው ከከባድ ሽንፈት በኋላ ምንም አልተለወጠም ይላል። ሁለቱም የመጨረሻውን ጨዋታ ብቻ አይተው የሚፈርዱ በመሆናቸው ሁለቱም በተራቸው ይሳሳታሉ።

የቡድኑ ውጤት ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ለመረዳት በአንድ ሳምንት ውስጥ የተደረጉ ጥንድ ጨዋታዎችን ማየት ይበቃል። በኦክቶበር 2014 ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ በማሊ 2 ለ 0 ተሸነፈች፤ ከአራት ቀን በኋላ ያንኑ ማሊን ባማኮ ድረስ ሄዳ 3 ለ 2 ረታች። በማርች 2016 በአልጄሪያዋ ብሊዳ 7 ለ 1 ተረመረመች፤ ከአራት ቀን በኋላ ከዚያው ከአልጄሪያ ጋር በአዲስ አበባ 3 ለ 3 ተለያየች። በኖቬምበር 2019 በማዳጋስካር 1 ለ 0 ተሸንፋ በሦስተኛው ቀን ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፈች። በጁን 2022 በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፋ በአራተኛው ቀን ግብፅን 2 ለ 0 ጣለች። በኖቬምበር 2024 በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸንፋ በሦስተኛው ቀን ኪንሻሳ ውስጥ ዴሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፈች።

አሠልጣኙ ያው፣ ስብስቡም ያው ነበር። በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ቡድን አይሠራም፤ አይፈርስምም። ስለዚህ ግብፅን ያሸነፈውና በማላዊ የተሸነፈው ቡድን አንድ ነው፤ እውነተኛ ደረጃውም ከሁለቱ መካከል አንድ ቦታ ላይ ነው። የባማኮው ድል እውነት ነበር፤ የብሊዳው ውርደትም እውነት ነበር። ይሁን እንጂ አንዳቸውም ብቻቸውን ስለ ጉዞው አቅጣጫ የሚነግሩት ነገር የለም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ዳንኤል ካህነማን በእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አሠልጣኞች ዘንድ ያስተዋለውን ነገር እዚህ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። አሠልጣኞቹ ጥሩ ያበረረውን ተማሪ ሲያመሰግኑት ቀጣዩ በረራው ይከፋል፣ መጥፎ ያበረረውን ሲቆጡት ግን ቀጣዩ ይሻላል ብለው፣ ከምስጋና ይልቅ ቁጣ ያስተምራል ወደሚል ድምዳሜ ደርሰው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። እጅግ ጥሩ ወይም እጅግ መጥፎ ከሆነ ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን በአብዛኛው ወደ ተለመደው ደረጃ ይመለሳል፤ ቢቆጡም ባይቆጡም። በእግር ኳስ የዚህ ስህተት ትልቁ መገለጫ የአሠልጣኝ ስንብት ነው። ቡድን ከተከታታይ ሽንፈት በኋላ አሠልጣኝ ሲያባርር ቀጥሎ የሚመጣው መሻሻል ለአዲሱ ሰው ይቆጠርለታል። በኔዘርላንድስ ሊግ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ግን በተመሳሳይ ቀውስ ውስጥ ሆነው አሠልጣኛቸውን ያልቀየሩ ክለቦችም በዚያው መጠን ያገግማሉ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከ2013 ወዲህ ያፈራረቃቸውን አሠልጣኞች ለሚቆጥር ሰው ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም።

የመጨረሻውን ጨዋታ ትተን የትልልቅ ውድድሮችን ውጤት ብንመለከትስ? ያም መንገድ ብዙ አያራምድም። በሰውነት ቢሻው የተመራው ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በቀጭን ክር ነበር። ቤኒንን በሁለት አቻ ውጤቶች፣ ሱዳንን ደግሞ ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 በማሸነፍ፣ ሁለቱንም ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ግብ ብልጫ አለፈ። በውበቱ አባተ የተመራው ቡድን ለቀጣዩ ተሳትፎ የበቃው ደግሞ ሦስት አሸንፎ ሦስት ተሸንፎ በ9 ነጥብ ነው፤ የመጨረሻው የአቢጃን ጨዋታ ዳኛው ታመው በ80ኛው ደቂቃ ሲቋረጥ ኢትዮጵያ 3 ለ 1 እየተመራች ነበር፤ ያሳለፋት ማዳጋስካር ከኒጀር ጋር ያለ ግብ መለያየቷ ነው።

በውድድሮቹም ላይ የታየው እጅግ ተቀራራቢ ነው። በ2013 በኔልስፕሩት ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቶ፣ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶ፣ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። ቀጥሎ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በጃንዋሪ 2022 በካሜሩን ያሬድ ባየህ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በቀይ ካርድ ወጥቶ በኬፕ ቨርድ 1 ለ 0፣ ዳዋ ሆቴሳ ቀድሞ ቢያስቆጥርም በአዘጋጇ አገር 4 ለ 1 ተሸነፈ፤ በመጨረሻም ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። በመጀመሪያው አንድ ነጥብ፣ አንድ ግብ አግብቶ ሰባት ተቆጠረበት፤ በሁለተኛው አንድ ነጥብ፣ ሁለት አግብቶ ስድስት ተቆጠረበት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የተገኘው ለውጥ ሁለት ግብ ነው ለማለት ያስደፍራል። የ2013ቱ ምድብ የአህጉሩን የወቅቱን ሻምፒዮን፣ የዚያ ዓመት ዋንጫ አሸናፊና የፍጻሜ ተፋላሚ አንድ ላይ ያጨቀ መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ እሱም ያጠራጥራል።

ስለዚህ ድሎቹ ይቆዩን። ቡድን በክፉ ቀኑ፣ ከገዛ ሜዳው ርቆ፣ ከእሱ ከሚበልጥ ተጋጣሚ ጋር ሲሰለፍ ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ጥያቄ የተሻለ ይናገራል። ድል አንዳንዴ በተጋጣሚ ስህተት፣ አንዳንዴም በዕድል ይመጣል፤ ጁን 16 ቀን 2013 አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን የረታችው ሁለተኛዋ ግብ እንኳ በርናርድ ፓርከር በራሱ መረብ ላይ ያሳረፋት ነበረች። ሽንፈትን ማጥበብ ግን የመከላከል ሥርዓት፣ የአካል ብቃትና ልምድ ይጠይቃል።

በዓለም ዋንጫና በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከማርች 2016 እስከ ኦክቶበር 2018 ኢትዮጵያ ከሜዳዋ ውጪ አራት ጨዋታዎች አደረገች። ሌሴቶን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ በሦስቱ ግን በአልጄሪያ 7 ለ 1፣ በጋና 5 ለ 0፣ በኬንያ 3 ለ 0 ተሸነፈች። በአራት ጨዋታ 16 ግብ ተቆጠረባት፤ በአማካይ በጨዋታ አራት። ከሴፕቴምበር 2019 እስከ ጁን 2022 ባሉት ስምንት የሜዳ ውጪ ማጣሪያዎች ደግሞ በሌሴቶ 1 ለ 1፣ በማዳጋስካር 1 ለ 0፣ በኒጀር 1 ለ 0፣ በኮትዲቯር 3 ለ 1፣ በጋና 1 ለ 0፣ በደቡብ አፍሪካ 1 ለ 0፣ በዚምባብዌ 1 ለ 1፣ በማላዊ 2 ለ 1 ሆነ። በስምንት ጨዋታ 11 ግብ፤ በአማካይ ከአንድ ተኩል ያነሰ።

በዚህ ውስጥ ያለው ተቃርኖ ልብ ሊባል ይገባል። በነጥብ ብንቆጥር ቡድኑ ባሰ። በመጀመሪያው ዘመን ከአራት ጨዋታ ሦስት ነጥብ አምጥቶ ነበር፤ በሁለተኛው ከስምንት ያመጣው ሁለት ብቻ ነው፤ አንድም ጊዜ አላሸነፈም። በዚያን ጊዜ ሠንጠረዡን ያየ ሰው ቡድኑ ከሜዳው ውጪ መራመድ እንዳቃተው ቢናገር አይፈረድበትም። ነገር ግን በአምስትና በሰባት ግብ የሚሸነፍ ቡድን በአንድ ግብ ብቻ የሚሸነፍ ቡድን መሆኑ በዋልያዎቹ የቅርብ ታሪክ ከታዩት ለውጦች ትልቁ ነው። በአብርሃም መብራቱ ተጀምሮ በውበቱ አባተ የቀጠለው ይህ ሥራ ጭፈራ አላስነሳም፤ 1 ለ 0 ለተሸነፈ ቡድን ማን ይጨፍራል? ጋና በኬፕ ኮስት፣ ደቡብ አፍሪካ በኤፍኤንቢ ያገኟት ግብ ግን አንዳንድ ብቻ ነበረች፤ የኤፍኤንቢዋም ጌታነህ ከበደ በራሱ መረብ ላይ ያሳረፋት ነች። ከስምንት ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ፓርከር ላይ የደረሰው በጆሃንስበርግ በእሱ ላይ ደረሰ።

እርግጥ ነው፣ አራት ጨዋታና ስምንት ጨዋታ ትንሽ ናሙና ነው፤ ተጋጣሚዎቹም እኩል አይደሉም፤ የ2016ቷ አልጄሪያና የ2020ዋ ኒጀር አይወዳደሩም። ይህ ሁሉ ቢቀነስ እንኳ በ2017 ኩማሲ ላይ አምስት ያስቆጠረችው ጋና በ2021 አንድ ብቻ ማስቆጠሯ ይቀራል። ይህኛው ንጽጽር ያለ ብዙ ሰበብ ይቆማል።

ታዲያ ይህ መሻሻል የት ገባ? መልሱ ከሜዳ ውጪ ሳይሆን በሜዳ ላይ ነው። ለ2021ዱ የአፍሪካ ዋንጫ ያሳለፉት 9 ነጥቦች አንድ ሳይቀር በአገር ቤት የተገኙ ናቸው፤ ኮትዲቯር 2 ለ 1፣ ኒጀር 3 ለ 0፣ ማዳጋስካር 4 ለ 0። ከሜዳ ውጪ የተገኘ ነጥብ አልነበረም። ቡድኑ ባሕር ማዶ ጥቂት ግብ ብቻ እየተቆጠረበት መመለስን ተምሮ፣ ኑሮውን የሚገፋው ግን በአዲስ አበባና በባሕር ዳር በሚያገኘው ነበር። በ2021 መገባደጃ ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የባሕር ዳር ስታዲየም መስፈርቱን አያሟላም ብሎ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግበት ከለከለ። አንጋፋው የአዲስ አበባ ስታዲየምም እድሳት የሚጠብቅ ነበር። አገሪቱ ደግሞ በጦርነትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ነበረች።

በኖቬምበር 2021 ከጋና ጋር የነበረው የሜዳ ጨዋታ ወደ ኦርላንዶ ስታዲየም የተዛወረው በዚህ ምክንያት ነው። አንድሬ አዩ በቅጣት ምት ቀድሞ አስቆጠረ፤ ጌታነህ አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። አንድ ትንሽ ነገር እዚህ ላይ ትነሳ፤ ጆሃንስበርግ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ያህል። አየሩ ሳስቶ እንግዳውን የሚያስቃስተው ደጋ በአጋጣሚ ተከትሏቸው መጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጉዞዎች ግን እሱም ቀረ። የኢትዮጵያ «የሜዳ» ጨዋታ በማላዊ፣ በሞሮኮ፣ በሞዛምቢክ፣ በታንዛኒያ ሲዞር ከረመ። ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት ዝነኛ ጨዋታ ሳይቀር በሊሎንግዌ የተደረገ ነው፤ ከአራት ቀን በፊት በማላዊ በተሸነፉባት በዚያችው ከተማ።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። በ2023ና በ2025 የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያዎች ኢትዮጵያ በስም «የሜዳ» የተባሉ ስድስት ጨዋታዎች አደረገች፤ ግብፅን አሸነፈች፣ ከማላዊ ጋር አቻ ወጣች፣ አራቱን ተሸነፈች። በስድስት ጨዋታ አራት ነጥብ፤ ከዚያ በፊት በሦስት ጨዋታ ዘጠኝ አግኝታ ነበር። በሁለቱም ማጣሪያዎች የምድቧ መጨረሻ ሆነች፤ በሁለቱም በአራት ነጥብ። በ2025ቱ ማጣሪያ ከሜዳ ውጪ የሆነው ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ከታንዛኒያ ጋር 0 ለ 0፣ ከዴሞክራቲክ ኮንጎ ጋር የ2 ለ 1 ድል፣ በመሀል በጊኒ የ4 ለ 1 ሽንፈት። አራቱም ነጥቦች የተገኙት በሰው አገር ነው። ለ2021ዱ ዋንጫ ያለፈው ቡድን ከሜዳው ውጪ ዜሮ ነበረው፤ መጨረሻ የወጣው ቡድን አራት አለው።

እንግዲህ «እየተሻሻለ ነው ወይ» ለሚለው የሚሰጠው ፍርድ ለሁለት ይከፈላል። ተጫዋቾቹ ከአሥር ዓመት በፊት ከነበሩት በባዕድ ሜዳ የተሻሉ ናቸው፤ መጠነኛ፣ የሚሰበር፣ ግን እውነተኛ መሻሻል ነው። የጊኒው ሰባት ግብ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ አሳይቷል። ተቋሙ ግን ወደ ኋላ ሄዷል። የጠፋው በግብ ክልል ውስጥ ሳይሆን በግንባታ ፈቃድ፣ በበጀትና በክትትል ወንበር ላይ ነው። ቦሌ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንዲይዝ ታቅዶ ከአሥር ዓመት በፊት ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ሳይጠናቀቅ ቡድኑ በሰው አገር ሜዳ ሲለምን ኖሯል። በዚህ ሁኔታ ያለን ቡድን አሠልጣኝ እየቀያየሩ ማከም፣ ጣሪያው ለሚያፈስ ቤት ምንጣፍ መለወጥ ነው።

የወረቀት ሥራም ቡድን ይጥላል። ከቦትስዋና ጋር በጁን 2013 የተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 2 ለ 1 ካለቀ በኋላ በሁለት ቢጫ ምክንያት መቀመጥ የነበረበት ምንያህል ተሾመ መሰለፉ ታወቀ፤ ፊፋ ጨዋታውን 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ኢትዮጵያ ምድቡን በ13 ነጥብ ከደቡብ አፍሪካ በላይ ሆና ብትጨርስም በፕሌይኦፍ በናይጄሪያ በድምር 4 ለ 1 ወደቀች። ያ ስህተት ከሜዳ ውጪ የተሠራ ነበር፤ ተጫዋቾቹ በሜዳ ማካካስ ነበረባቸው።

የጆሃንስበርግ አንባቢ ይህን ሲያነብ ወደ ጎረቤቱ ማየቱ አይቀርም፤ ደቡብ አፍሪካም ያንኑ ስህተት ሠርታለችና። በማርች 2025 ከሌሴቶ ጋር ባደረገችው ጨዋታ ቴቦሆ ሞኮዌና መሰለፍ ሳይገባው ተሰልፎ ፊፋ ሦስት ነጥብ ቀነሰባት። ሆኖም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሩዋንዳን 3 ለ 0 አሸንፋ ለ2026 የዓለም ዋንጫ አለፈች፤ ያውም በኔልስፕሩቱ ምቦምቤላ ስታዲየም፣ ዋልያዎቹ ከዛምቢያ ጋር በተለያዩበት ሜዳ። በ2013 አዲስ አበባ ላይ ተሸንፋ ከምድቧ ሁለተኛ ከነበረችው ደቡብ አፍሪካ ወደዚህ ያደረሰው ምንድን ነው? ክለቦቿ ከኢትዮጵያ ክለቦች ብዙ እጥፍ ሀብታም መሆናቸው አይካድም፤ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ በ2016 የአህጉሩን ሻምፒዮንስ ሊግ ያነሳ ክለብ ነው፤ በአንድ የውድድር ዘመን 29 ግብ አስቆጥሮ የኢትዮጵያን ሊግ ክብረ ወሰን የሰበረው አቡበከር ናስርም የፈረመው ለእሱ ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በ2013ም ነበር። የተለወጠው ትዕግሥቱ ነው። በሜይ 2021 የተሾሙት ቤልጅማዊው ሁጎ ብሩስ ከስድስት ወር በኋላ በኢትዮጵያው ምድብ ውስጥ ከጋና እኩል 13 ነጥብና እኩል የግብ ልዩነት ይዘው ባስቆጠሩት ግብ ብዛት ብቻ ወደቁ። ጠባብ ሽንፈት ነበር፤ ፌዴሬሽኑም እንደ ጠባብ ሽንፈት ቆጠረው፤ አላባረራቸውም። በፌብሩዋሪ 2024 በአፍሪካ ዋንጫ ሦስተኛ ወጡ። በዚያው ምድብ ጠባብ ሽንፈቶችን ሲለማመድ የነበረው የውበቱ ቡድን ግን በ2023 ከአሠልጣኙ ተለያየ።

ሀብት ሰበብ እንዳይሆን ደግሞ ኬፕ ቨርድ አለች፤ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ብቻ ያላት የደሴቶች አገር። ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ዋንጫ የገባችው ኢትዮጵያ በተመለሰችበት በ2013 በደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚያ በኋላ የ2017ና የ2019 ዋንጫዎች አምልጠዋታል፤ በ2025ቱ ማጣሪያም ከምድቧ መጨረሻ ወጣች፤ ልክ እንደ ኢትዮጵያ በአራት ነጥብ። ሠንጠረዥ ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ቡድኖች መለየት አይችልም ነበር። በኦክቶበር 2025 ግን ኬፕ ቨርድ ስዋቲኒን 3 ለ 0 አሸንፋ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። በያውንዴ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፋ ነበር፤ ዋልያዎቹ በ2022 በዚያችው ከተማ በዚያው ውጤት እንደተሸነፉት ማለት ነው። ፕራያ ላይ ግን ያንኑ ካሜሩንን 1 ለ 0 ረታች፤ በዚህ ማጣሪያ በፕራያ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈችም። የፕራያው ብሔራዊ ስታዲየም በ2014 የተከፈተ፣ 15 ሺህ ሰው የሚይዝ መጠነኛ ሜዳ ነው። ከአደይ አበባ አንድ አራተኛ ቢሆን ነው፤ ግን አልቋል።

የኬፕ ቨርድ ሌላው ምሥጢር በውጭ አገር ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የበለጠ ይቀርበዋል። ቡድኑ በአብዛኛው በፖርቱጋል፣ በኔዘርላንድስና በፈረንሳይ በተወለዱ ወይም ባደጉ የስደተኛ ልጆች የተገነባ ነው፤ የአገሪቱ ሕግ ጥምር ዜግነትን ይፈቅዳልና። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/2003 አይፈቅድም። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ የብዙ ነገር በር ይከፍታል፤ ፊፋ የሚጠይቀው ግን ዜግነት ነው። በስቶክሆልም ወይም በዋሺንግተን ተወልዶ በአካዳሚ ያደገ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ለዋልያዎቹ ለመሰለፍ የያዘውን ፓስፖርት እንዲተው መጠየቅ፣ አትምጣ ከማለት ብዙም አይለይም። ጥምር ዜግነት ከእግር ኳስ የሰፉ ብዙ ጥያቄዎች ያሉበት ጉዳይ ነው፤ ለአንድ ብሔራዊ ቡድን ሲባል ብቻ ይለወጥ ማለት አይቻልም። ነገር ግን የውጭ ኢትዮጵያውያን በየመድረኩ ሲያነሱት ለኖሩት ጥያቄ ይህም አንድ የሚቆጠር ዋጋ ነው፤ በግብ የሚቆጠር።

ለ2026 የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከአሥር ጨዋታ 9 ነጥብ ይዛ ከስድስት ቡድን አምስተኛ ሆናለች፤ ጅቡቲን 6 ለ 1 ያሸነፈችበት ቀን አለ፤ ከዚያችው ከጅቡቲ ጋር 1 ለ 1 የወጣችበትም። የሚቀጥለው ትልቅ ግብ በ2027 በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛኒያ የሚካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ከእነዚህ አዘጋጆች ኬንያ በጁን 2024 እንደ ኢትዮጵያ ሜዳ አልባ ነበረች፤ ቡሩንዲንና ኮትዲቯርን ያስተናገደችው በዚያችው በሊሎንግዌ ነው። በኦገስት 2025፣ ከ14 ወር በኋላ፣ ናይሮቢ የሚገኘው የካሳራኒ ስታዲየም ታድሶ የአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና ጨዋታዎችን አስተናገደ፤ ኬንያም እዚያው በደጋፊዋ ፊት ሞሮኮን 1 ለ 0 አሸነፈች።